ዘይት የጠጣው ፊልትሮ

ጭሮ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለዓሊዩ ቡሽራ
ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላህ። እንደምን አለህ ልጄ? የወደቡ ሙቀት እንዴት ያደርግሃል? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ሱጁድ ስወርድ ጉልበቴ ያስቸግረኛል እንጂ። ስልኬን ስለማታነሳ ይህን በሹፌሩ በሙከሚል እጅ ልኬዋለሁ። እባክህ ሳትቀደው አንብበው።

ነገሩ ስለ መኪናዋ ነው። እናትህ ከሞተች ወዲህ ኮሮላዋን ግቢ አቁሜያት ነበር። በቀደም ልሸጣት አስቤ ተሻለ ጋራዥ ወሰድኳት። ዳገት ላይ ትታፈናለች፣ ነዳጅ ሲረግጧት ትንገጫገጫለች አልኩት። ካንዴላ ይቀይራል ብዬ ስጠብቅ፣ ሞተሩን አስነስቶ ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ ያለችውን ሴንሰር ገመዷን ነቀለ። መኪናዋ ተረጋጋች! መልሶ ሲሰካው ተንገጫገጨች።

«ያዝኩሽ!» አለ።

ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የምትለካው እሷ ናት አለኝ። ውስጧ ያለው ቀጭን ሽቦ ከቆሸሸ አየሩን አሳንሳ ትናገራለች፤ ሞተሩም በዚያው ልክ ነዳጅ ይነፈጋል። ፈትቶ ሲያሳየኝ ሽቦው በጥቁር ቅባት ተለብጧል። ፊልትሮውን አውጥቶ በጣቱ ጫን ቢለው ዘይት ወጣ።

«ጋሽ ቡሽራ፣ ሳምቡሳ ጠብሰውበታል እንዴ? ይሄ እኮ ወረቀት ነው! ማነው ዘይት ያጠጣው? ዓሊዩ ነው?»

እኔ ነበርኩ። ድሮ የምነዳት የጭነት መኪና የአየር ማጣሪያዋ ዘይት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፤ አቧራውን ዘይቱ ያስቀረዋል። የሚኤሶ አቧራ ሲበዛብኝ ለዚህችም ይበጃታል ብዬ አንተ ሳታየኝ ቀባሁት። እናትህ ሚኤሶ እህቷ ቤት ሄዳ ከመታመሟ ሁለት ሳምንት በፊት።

ለተሻለ ግን «እሱ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። አዎ፣ እንደገና ባንተ ላይ።

ከዚያ የዐስር ሶላት ልሰግድ መስጊድ ገባሁ። ፋቲሓው መሃል ላይ ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የቀራሁት ፋቲሓ! እንደምንም ጨርሼ ወደ ጋራዡ ተመለስኩ።

«ተሻለ፣ የቀባሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

ተሻለ የእናትህ ለቅሶ ላይ ነበር፤ ያኔ ያልኩህን ሰምቷል። አልሳቀም። «ለኔ ምን ያደርግልኛል ጋሼ? ለእሱ ይንገሩት» አለኝ።

ይኸው ነገርኩህ። አንተ ያን ቀን እናትህን ከሚኤሶ ወደ ጭሮ ሆስፒታል ልታደርስ ኋላ ወንበር አስተኝተህ፣ የማትወጣ መኪና ይዘህ ዳገቱን ስትታገል ሰዓቱ አለፈ። ሆስፒታል በር ላይ አረፈች። እኔ ደግሞ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ጫት እየጫንክ ሞተሩን ጨርሰህ እናትህን ዳገት ላይ ያስቀረሃት አንተ ነህ» አልኩህ። ጫማህን ሳታስር ወጣህ።

ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ ያኔ የሰሙትን ሰዎች መስጊዱ በር ላይ አስቁሜ እውነቱን ነገርኳቸው። ጎረቤታችን በድሪ «አላህ የወሰነው ነው፤ ራስህን አትብላ» አለኝ። የአላህን ውሳኔ አምናለሁ። ዘይቱን የቀባው ግን የኔ እጅ ነው።

ተሻለ ሴንሰሯን በማጽጃ ፈሳሽ አጥቦ አደረቃት፤ አዲስ ፊልትሮ ገባላት። ትናንት ሚኤሶ ወርጄ ተመለስኩ። ዳገቱን አንዴም ሳትቆም ወጣችው። ብታምነኝም ባታምነኝም፣ ምነው በቆመች እያልኩ ነበር የምነዳት። እናንተ የቆማችሁባቸውን ቦታዎች ላያቸው ፈልጌ ነበር። ግን የት የት እንደቆማችሁ አላውቅም። አንድም ቀን አልጠየቅኩህም። እናትህ ሀኒፋ መንገድ ላይ ምን እንዳለች፣ ውሃ ጠይቃ እንደሆነ፣ ስሜን ጠርታ እንደሆነ፣ አጠገቧ የነበርከው አንተ ብቻ ነህ፤ አንተን ደግሞ አባረርኩህ።

ና አልልህም፤ ያን ለማለት ፊት የለኝም። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ። አላህ ባህሩንም የብሱንም ያቅናልህ፤ የእናትህን ቀብር ኑር፣ ብርሃን ያድርግላት። ልብህ ሲፈቅድ ብቻ፣ አንድ መስመርም ቢሆን፣ ምን እንዳለች ጻፍልኝ። ክፉም ቢሆን።

አባትህ
ቡሽራ