የዳኛው ቁርስ

ጥቅምት 3

ከማተሚያ ቤት ስመለስ ዝናብ። ቀኑን ሙሉ የሰው ስህተት ሳርም ውዬ ዐይኔ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው የሚያየው። ሳሎን ስገባ ዳኛው ያክካል።

ዳኛው ውሻችን ነው። ስሙን ያወጡለት አማቴ ናቸው። ሰው ሲከራከር መሃል ቁጭ ብሎ አንዴ ይህን፣ አንዴ ያንን እያየ ያዳምጣል፤ አንድም ቀን ግን ፈርዶ አያውቅም።

አሁን ችሎቱን ትቷል። ብብቱ ፍም መስሏል፤ የፊት እግሮቹን እየላሰ ጸጉራቸውን ጨርሶታል።

"እከክ የሰጠ ጌታ ጥፍር አይነሳም" አሉ አማቴ ከጋዜጣቸው ጀርባ።

ችግራችን እኮ ጥፍሩ ነው፣ አባባ... አላልኩም። ቤቱ የእሳቸው ነው።

ጥቅምት 5

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ቁንጫ የለበትም። "አለርጂ ነው፤ ከምግብ ሊሆን ይችላል" አለች ሐኪሟ። ሁለት ወር ዓሣና ድንች ብቻ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ምንም። "ምንም ማለት ምንም ነው" ብላ ዐይን ዐይኔን አየችኝ። ሻምፖ ሰጠችን። እንዳይልስ ደግሞ አንገቱ ላይ የሚጠለቅ የፕላስቲክ ከለላ... ሲያጠልቀው የድሮ የሸክላ ማጫወቻ ይመስላል።

ማታ አማቴ ቆረጡ፦ "በሁለት ወር ካልዳነ ለሰፈራችን መጋዘን ዘበኛ ይሰጥ። ሲያክክ ማየት አልችልም።"

ባለቤቴ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ ጓዳ ገባች። እኔና ዳኛው ተፋጠጥን።

ጥቅምት 19

ዓሣ መቀቀል ለመድኩ። ቤቱ ወደብ ወደብ ይሸታል። መሥሪያ ቤት አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው ጠፋ።

ኅዳር 2

ዛሬም አከከ።

ኅዳር 9

ለምን? ምንጣፉን አጠብን፣ ሳሙናውን ቀየርን... ምን ቀረን? ባለቤቴ ጎረቤቷን ጠርጥራለች።

"ያቺ ሴትዮ አጥንት ትወረውርለታለች።"

"አይተሻታል?"

"ፊቷን አይተኸው አታውቅም?"

አማቴ ለዘበኛው ደወሉ። ስልኩን ሲዘጉ ግን የተገላገለ ሰው አይመስሉም ነበር።

ኅዳር 14

ማልጄ ተነሳሁ። አማቴ እንደ ልማዳቸው ቀድመውን ቁርሳቸውን በልተው ጋዜጣ ዘርግተዋል። ዳኛው እግራቸው ሥር። የከለላው ጠርዝ ላይ ቢጫ ነገር። ጎንበስ አልኩ... የእንቁላል አስኳል።

እንጀራዬ ስህተት መልቀም ነው። የተሳሳተው አማት ሲሆን ግን በቀይ አይሰመርበትም።

"እንደምን አደሩ፣ አባባ?"

"ይመስገን።"

ዳኛው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኔን አየ። አልፈረደም።

ኅዳር 15

"አንተ ንገረው" አለች ባለቤቴ።

"አባትሽ እኮ ናቸው።"

"ለዚህ እኮ ነው አንተ ንገረው ያልኩህ።"

ጀግና አይደለሁም። ለሐኪሟ በስልክ ነገርኳት። አማቴን ደግሞ "መኪና ውስጥ ብቻዬን አልችለውም፣ ይሸኙን" አልኳቸው። አቤት ተንኮል!

ኅዳር 17

ሐኪሟ ምንም እንዳልሰማች ሆና፣ "ቤት ውስጥ ሌላ ነገር የሚያቀምሰው ይኖር ይሆን?" አለች። እኔ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የድመት ሥዕል ማጥናት ጀመርኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ አማቴ። "ጠዋት እንቁላሌን ስበላ ቁጭ ብሎ ያየኛል። ምን ላድርግ ታዲያ? ዐይን እያየኝ ልዋጥ? ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ሲባል ነው ያደግነው።"

"አባቴ፣ የሚያሳክከው እሱ እንቁላል ሊሆን ይችላል" አለች ሐኪሟ።

እጃቸውን ገልብጠው አዩት። "በእኔ እጅ?" አሉ። እስከ ቤት ያንን እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንደከተቱ ነበሩ። ባልወሰድኳቸው ይሻል ነበር?

ኅዳር 18

ጠዋት እንቁላል አልተጠበሰም። አማቴ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ።

"ለእሱ ከምትቀቅለው ለእኔም ጨምርልኝ።"

"ለእርስዎ ጨው ላድርግበት?"

"ለእሱ ታደርጋለህ?"

"አላደርግም።"

"ታዲያ!"

ኅዳር 19

አማትና ውሻ ፊት ለፊት ዓሣ በሉ። ሁለቱም ሳህን ጠረጉ።

ታኅሣሥ 6

ዛሬ ያጠቡት አማቴ ናቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እያጉረመረሙ። ብብቱ ቀዝቅዟል። በመሃል ዘበኛው ደወለ፦ ውሻው መቼ ይምጣልኝ?

"የቱ ውሻ?" አሉ አማቴ፣ አረፋው ከክርናቸው እየተንጠባጠበ።

ጥር 12

ከለላው ወልቋል። እግሮቹ ላይ አዲስ ጸጉር፣ እንደ ጎረምሳ ጢም ሳሳ ያለ። ሐኪሟ ደስ አላት። "አሁን እንቁላሉን ትንሽ ትንሽ መልሰን እንሞክር፤ እሱ መሆኑን እናረጋግጥ" አለች።

"የዳነን ፍጡር?" አሉ አማቴ። "አይሞከርም!"

"አባቴ፣ ሳይንሱ እንዲህ ነው።"

"ሳይንሱ እቤትሽ ይታከክ!"

ዳኛው መሃል ተቀምጦ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን እያየ አዳመጠ። ከዚያ ተነሳ። ሄዶ አማቴ እግር ሥር ተጋደመ፣ አገጩን ጫማቸው ላይ ጣለ፣ ተኛ። ሳያክክ።

ካወቅነው ጀምሮ የመጀመሪያ ፍርዱ ነው።