የጎጎ ፐርል ወንድም አውሮፕላን

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ብርድ። ሱቅ ዋልኩ። ገዢዎች ብርድ ልብስ ሲሻሙ ነው የዋሉት፣ አጎቴ ጣሃ ደስ ብሎታል። አንዲት ሴትዮ ሐምራዊ የሕፃን ብርድ ልብስ ጠየቀችኝ። የለንም። ግን «የለም» አይባልም፣ የአጎቴ ሕግ ነው። «አዎ አለ፣ ቁጭ በዪ» ብዬ በጓሮ ወጣሁና ከነአቢሶ ሱቅ ሮጬ አመጣሁላት። እኛ የምንነግድበት ሰፈር፣ ጀፕስታውን፣ ያለ ሱቅ ሁሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ አዎ፣ ከዚያ ፍለጋ።

ቤሪያ፣ ወደ ቤት ስመለስ፣ አሳንሰሩ አሁንም አይሠራም። ለጎጎ ፐርል ዳቦና ወተት ይዤ ወጣሁ። ጎረቤታችን ናቸው፣ ነጭ አሮጊት፣ ብቻቸውን። ፎቁ ሁሉ እንደ ዙሉ አያት «ጎጎ» ነው የሚላቸው።

ስልካቸውን ሰጡኝ፣ «ክፈቺልኝ»። የእህታቸው የልጅ ልጅ የላከው ቪዲዮ። ከኬንያ ዳርቻ ራቅ ብሎ ባሕር ሥር የጦርነት ጊዜ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተገኘ። ሰው የማይደርስበት ጥልቀት ነው፣ ካሜራ ብቻ ነው የወረደው። ጨለማ ውሃ... መብራት... ከዚያ ክንፍ። አፍንጫው ላይ የተሰበረ መስታወት። አንድ ነጭ ዓሣ በዚያ ወጣ።

«ኤድዊን እዚያ ነበር የሚቀመጠው» አሉ። ወንድማቸው። ሲሞት እሱ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ እሳቸው አራት። ክንፉን በጣታቸው ሲነኩት ቪዲዮው ቆመ። ደነገጡ። መልሼ ከፈትኩላቸው።

ከዚያ ዞረው አዩኝ። «ጣሊያንን ከእናንተ አገር ሊያስወጣ ሄዶ ነው። እዚያ እነ ኤድዊንን ያየ ሰው አለ? ያስታውሷቸዋል?»

«አዎ» አልኩ።

እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ግን እያዩኝ ነው... «የአያቴ አባት አይተዋቸዋል። መንደሩ ሁሉ ወጥቶ እጁን አውለበለበላቸው።» ከየት መጣ ይሄ? ሰው ፊት አምስት ቃል የማልናገረው እኔ?

አለቀሱ። ሳሙኝ። ደግነቱ ወላሂ አላልኩም።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ጎጎ ለዘመዶቻቸው ሁሉ ደውለው ነግረዋል። ለሕንፃው ጥበቃም ሳይቀር።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

የእህታቸው የልጅ ልጅ፣ ግራንት፣ በራችንን አንኳኳ። አውሮፕላኑ አይወጣም አለ። የእነ ኤድዊን መቃብር ነው፣ እዚያው ያርፋሉ። ስለዚህ ሰኔ 21 ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መታሰቢያ ይደረጋል። እና እኔ እንድናገር... ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ ስለ ማውለብለቡ።

አንገቴን ደፋሁ። አጎቴ ከኋላዬ «የስ፣ የስ! ትናገራለች!» አለ። ተጨባበጡ።

በሩ ሲዘጋ የአጎቴ ሚስት ሙርሺዳ፦ «አንቺ፣ ይሄን ታሪክ ለእኛ ነግረሽን ታውቂያለሽ?»

ውሃ ልጠጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ስልጤ፣ አባባ ጋ ደወልኩ። አዎ ብዬ ጨርሻለሁ፣ አሁን ፍለጋ። ምናልባት እውነት ሆኖ ቢገኝስ?

«አባባ፣ በጣሊያን ጊዜ በእኛ መንደር አውሮፕላን አልፎ ያውቃል?»

«ያልፍ ነበር። አያትሽ ይነግረን ነበር እኮ።»

«እና... አውለበለቡላቸው?»

ሳቀ። «ለማን? ድምፁን ሲሰሙ ልጆቹን እየጎተቱ እንሰት ውስጥ ነው የሚገቡት። የአያትሽ እናት የልጅ አፍ በእጇ አፍና ትይዝ ነበር፣ ከላይ ይሰሙናል ብላ።»

«ሊረዱን የመጡት ቢሆኑስ?»

«ከታች ሆነሽ በምን ትለዪዋለሽ ልጄ? ለምን ጠየቅሽ?»

«እንዲሁ ነው» አልኩ። ደግሞ ሌላ ውሸት። ለአባቴ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

አጎቴ ያልነገረው ሰው የለም። አቢሶ ሱቁ በር ላይ ቆሞ፦ «ተናጋሪዋ እሷ ናት? እኛ'ኮ ዲዳ መስላን ነበር!» ተሳሳቁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ።

ብርድ ልብስ ስናጥፍ ለአጎቴ እውነቱን ነገርኩት። ማጠፉን ቀጠለ። ከዚያ፦

«ማን ተጎዳ? የእነሱ ሟች ክብር አገኘ፣ እኛም አገኘን። እዚህ አገር ማይክ ሰጥተውን ያውቃሉ?»

«ውሸት ነው እኮ አጎቴ።»

«የአሮጊት ደስታ ነው። አትንኪባት።»

ልክ ይሆን? ልተወው?... ስመለስ ግን ጎጎ ከኤድዊን ፎቶ ጋር ሲያወሩ ሰማኋቸው። «አውለበለቡልህ እኮ» ይሉታል። ለሞተ ሰው የእኔን ውሸት እየነገሩት። ዳቦውን በሩ ላይ አስቀምጬ ሸሸሁ።

ሰኔ 15፣ እሑድ

ነገርኳቸው። ሁሉንም። እንሰቱንም፣ የታፈነውን የልጅ አፍም። እንግሊዝኛዬ ተሰባበረ። መሬት መሬት እያየሁ።

ወደ ኤድዊን ፎቶ ዞሩ። «ስለዚህ ያየው ሰው የለም» አሉ።

ይሄን አላሰብኩም ነበር። የራሴን ውሸት ብቻ ነበር የማስበው። ለካ እሳቸው ምስክር አገኘሁ ብለው ነበር። እሱን ነው የወሰድኩባቸው።

«ያኛው ይሻል ነበር» አሉ። «ቅዳሜ ያንን ተናገሪልኝ። ከእኔና ከአንቺ በቀር ማን ያውቃል?»

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ።

«አልችልም ጎጎ።»

«እንግዲያው ሂጂ።»

ሰኔ 18፣ ረቡዕ

አንኳኳሁ። አልከፈቱም። ከውስጥ የቪዲዮው ድምፅ ይሰማል። የትናንቱ ዳቦ እዚያው በሩ ላይ ነው።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ልሂድ ልቅር ስል ነጋ። ሄድኩ። አጎቴ ሱፍ ለብሶ፣ ሽቶ ተቀብቶ።

ጎጎ ከፊት ተቀምጠዋል። አላዩኝም። ወይም እንዳላዩ ሆኑ። ግራንት ስሜን ሲጠራ ወደ ማይኩ ወጣሁ። ማይኩ ትንፋሼን ለሰው ሁሉ አሰማ። እንዲህ አልኩ፦ የእኔ ሰዎች አላውለበለቡም። ፈርተው ተደበቁ። መጀመሪያ ለጎጎ የነገርኳቸው ውሸት ነው፣ ከራሴ ነው ያመጣሁት። ይቅርታ።

አንድ ሰው ሲያስል ተሰማ። ግራንት ማይኩን ሊወስድብኝ ተነሣ። አጎቴ ጫማውን ያያል። ልወርድ ስል ጎጎ ከተቀመጡበት ጮክ ብለው፦

«የት ነው የተደበቁት?»

«እንሰት ውስጥ» ብዬ ደገምኩላቸው።

«እሱ ምንድን ነው?»

ያ ሁሉ ሰው ፊት ስለ እንሰት! ሙዝ ይመስላል፣ ይበልጣል፣ ቅጠሉ እንዲህ ነው ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ።

«ከላይ ሲታይ፣ ከሥሩ ያለ ሰው ይታያል?»

አሰብኩ። እውነቱን መናገር ፈልጌ ነው ያሰብኩት። ልጅ ሆነን ውስጡ ስንደባበቅ ሰማይ ራሱ አይታየንም ነበር።

«አይታይም ጎጎ። አረንጓዴ ብቻ ነው የሚታየው።»

«ከአውሮፕላኑ አፍንጫ ላይ ቁልቁል አይቶ ቦምቡን የሚለቀው ኤድዊን ነበር» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። «አረንጓዴ ብቻ ካየ... በእነሱ ላይ አልለቀቀም።» ከዚያ ቀስ ብለው፣ «ጥሩ» አሉ።

ስንወጣ ግራንት ሰላም አላለኝም። አጎቴ «አንድ ቀን ማይክ ቢሰጡን፣ እሱንም አሳፍረሽ መለስሽላቸው» አለና ታክሲ ሊጠራ ሄደ። እውነቱን ነው። ፊቴ ይሄን ስጽፍም ይቃጠላል።

ጎጎ ደረጃው አናት ላይ ቆመው ነበር። ግራንት እጁን ሲዘረጋላቸው እሱን አልፈው የእኔን ክንድ ያዙ። አጥብቀው።

«እስካሁን ተቀይሜሻለሁ» አሉኝ።

«አውቃለሁ ጎጎ።»

ክንዴን ሳይለቁ ወረድን።