ለባድራ የተጨመረላት ስም

ለማከብርህ ወንድሜ ሳሊም፣ ኒውዮርክ ከነቤተሰብህ እንደምን ከርመሃል? እኔ እዚህ እስራኤል፣ ሮሽ ሃዓይን አለሁ፤ ጉልበቴ ቢከዳኝም ምላሴ አልከዳኝም።

የላክኸው ጋዜጣ ደርሶኛል። ስለ ልጄ ስለ ባድራ የጻፈው ውሸት ነው። የጦር ሠራዊቱ የዘፈን ጓድ አፈራት ይላል፤ ጓዱ «ድምፅሽ ለየመን አይሁድ ሠርግ እንጂ ለእኛ አይሆንም» ብሎ ነው የመለሳት። መዝፈን የጀመረችው በሰባት ዓመቷ፣ በሙሽሮች የሂና ምሽት ላይ ከጎኔ ቆርቆሮ እየመታች ነው። ካሴቷ በአውቶቡስ መናኸሪያው መሸጥ ሲጀምር አሳታሚው ስሟን ቀይሮ ሊኦር አላት።

«እማ፣ ባድራ ተብሎ ቴሌቪዥን አይገባም» አለችኝ።

«እንግዲያስ ቴሌቪዥኑ ይውለድሽ» አልኳት። ሁለት ዓመት ተኳረፍን። ያ ስም እስካለፈው ሐሙስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

አሁን እኔ ዘንድ ናት። የበጋውን ኮንሰርት ሰርዛለች። ሻሽ ታስራለች፤ ከሾርባዬ ሁለት ማንኪያ ትቀምስና ትተኛለች። ሐሙስ ዕለት የምኩራባችን መምህር ሞሪ ፒንሓስ መጥተው ሐያ፣ ሕያዊት ማለት ነው፣ የሚል ስም ጨመሩላት፤ በጠና ለታመመ ሰው ዕድሜው እንዲረዝም እንደሚደረገው። ለአባታችንም በመጨረሻው ሳምንት እንዲሁ ተጨምሮለት ነበር።

«ሊኦርን እምቢ ብለሽ ሐያን ተቀበልሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ሞሪ «በጸሎቱ ልጅሽን ማን ብዬ ልጥራት?» ሲሉኝ «ባድራ ሐያ ይበሉ» አልኳቸው። ደጃፍ ከደረሱ በኋላ ግን ጠራኋቸውና «ሊኦርም ይበሉበት፤ ምናልባት ሰማይ ቤት የሚያውቋት በሱ ይሆናል» አልኳቸው።

ለፋሲካ እመጣለሁ ያልኸውን ቀደም ብታደርገው ደግ ነው። ሚስትህንና ልጆችህን ሳምልኝ፤ ፈጣሪ በደህና ያድርስህ።

እህትህ ሩሚያ