አገጩ ወደ ሰማይ

ማክሰኞ፣ ጁን 3
የማታ ትምህርቱን፣ የላቲን ፊደል ማንበብና መጻፉን፣ ጨረስኩ። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ። ከክፍሉ ጎበዙ እኔ ነኝ... ክፍሉ ስድስት አሮጊቶችና እኔ ነን፤ ቢሆንም። ዛሬ ለቱሪስት ሱቅ ሁለት የጦጣ ጭምብል ጠረብኩ። ሩዝ በዓሣ በላሁ። ሌላ ምን ይጻፋል?

ዓርብ፣ ጁን 6
ካህናችን፣ ጀሮ የምንላቸው፣ እኔ ቤት ድረስ መጡ። የመቅደሳችንን ባሮንግ ፊት ምስጥ በልቶታል። ሁለት ሰው ውስጡ ገብቶ የሚያስጨፍረው፣ መንደሩን ከክፉ የሚጠብቅልን ባሮንግ፣ አባዬ የጠረበው ፊት። ለመቅደሱ በዓል አዲስ ይሠራ ተብሏል።
«ማንን አሰባችሁ፣ ጀሮ?» አልኳቸው፣ እንደማላውቅ ሆኜ።
«ሌላ ሰው ፈልገን ነበር፤ አጣን።»
ቀልደኛ ናቸው። ይመስለኛል።

ረቡዕ፣ ጁን 11
መቃብሩ አጠገብ ያለው የፑሌ ዛፍ አርግዟል። ግንዱ ላይ ሆድ የመሰለ እብጠት አውጥቷል። የተቀደሰ ፊት ከዚያ ሆድ ነው የሚወለደው፤ ዛፉ ሳይሞት። ለሱከርቲ ነገርኳት።
«እሰይ፣ በዚህ ዕድሜህ አንድ ያረገዘልህ ተገኘ» አለች። ሚስት ተብላ...
በግንዱ በወዲያኛው በኩል የአባዬ ጠባሳ አለ። ቅርፊቱ ገጥሟል፣ ከንፈር መስሏል። ልጅ ሳለሁ ነው የቆረጠው። ወዲያው ግን አልቆረጠም። ዛፉ ሥር ቁጭ ብሎ ዝናብ ይጠብቅ ነበር። «ምን ታያለህ?» ስለው «ውሃው በየት በየት እንደሚወርድበት» ይለኛል። ሌላ አይናገርም። እኔ ላይ ያለው አፍ ከየት መጣ?
አሁን በጋ ነው። ዝናብ ማን ይጠብቃል?

ሐሙስ፣ ጁን 19
ተቆረጠ። ቀኑን ካህኑ መረጡ፣ መባ ቀረበ፣ ዛፉ ይቅርታ ተጠየቀ። ነጭ ወተቱ ፈሰሰ። ሽታው... የአባዬ እጅ። በበዓል ቀን እንኳ ታጥቦ የማይለቀው።
እንጨቱ ላይ ምልክት ይደረጋል። ዛፉ ላይ ሳለ ወደ ሰማይ የነበረው ጫፍ ግንባር፣ ወደ ሥር የነበረው አገጭ መሆን አለበት። አባዬ በከሰል ጭሮ ነበር የሚለየው። እኔ ግን የተማርኩ ሰው ነኝ። ከጀርባው መሃል አንድ የላቲን ፊደል ጻፍኩ፤ u፣ ኡ። በቋንቋችን ኡሉ፣ ራስ ለማለት። እንደ ጽዋ ክብ አድርጌ። ሰው ሁሉ አየ።

እሑድ፣ ጁላይ 27
እንጨቱ ደረቀ። ታጠብኩ፣ ጸለይኩ፣ ጀመርኩ። ጀርባው ላይ የስሜን መጀመሪያ አየሁ፤ የነንጋህን n። መቼ ጻፍኩት? እንጃ። ያምራል ግን።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 5
ጉንጩን ስጠርብ የድሮ ቀንበጥ መነሻ ብቅ አለ። ቀንበጥ ወደ ላይ ነው የሚያድገው። ይሄ ወደ አገጩ ያመለክታል።
ገለበጥኩት። የስሜ ፊደል ጽዋ ሆነች። ስሜ አልነበረም... u ስትዘቀዘቅ n ትመስላለች። ይሄን ማታ ትምህርት ላይ አላስተማሩንም።
በአናቱ የቆመ ፊት እንዴት አድርጎ መንደር ይጠብቃል?
«ማን ያውቃል? ቀለም ቀባውና ዝም በል» አለች ሱከርቲ።
«ዛፉ ያውቃል።»
«ዛፉ አፍ የለውም።»
«እኔ አለኝ።»
«እሱስ እውነት ነው» አለች። አልሳቀችም።

ረቡዕ፣ ኦገስት 6
ለካህኑ ነገርኳቸው። መንገድ ላይ ሦስት ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝም።
«ዛፉ እንደገና እስኪያረግዝ ስንት ጊዜ ይፈጃል፣ ጀሮ?»
«እኔም አንተም ላንደርስበት እንችላለን።»
«በዓሉስ?»
ወደ መቅደሱ ዞረው አዩ። «በል፣ አባትህን ጠግነው።»
ፊቱን ማለታቸው ነው።

ረቡዕ፣ ኦገስት 20
ካህኑ ጸልየው መንፈሱን ከፊቱ አወጡ፤ አሁን እንጨት ብቻ ነው። ምስጥ የበላውን ጉንጭ ፈለፈልኩ። የአባዬ ቢላ የሄደበት በጣቴ ይታወቀኛል። ከግንባር ይነሳል፣ ዓይኑን ዞሮ፣ በአፍንጫው ጥግ፣ ወደ አገጭ። ሳይቋረጥ። ዝናቡ... ዝናቡን ነው የጠረበው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መሸብሸብ ይመስለኝ ነበር። ብጠይቀው ኖሮ ይነግረኝ ነበር? ጠይቄው ነበር እኮ። ነግሮኛልም።
ካበላሸሁት ፊት አንዲት ቁራጭ ቆርጬ፣ አናቷን ወደ ላይ አድርጌ ቀዳዳው ላይ ገጠምኩ። የሁለቱም እናት ያው ፑሌ ናት። መስመሩን ከሱ ጀምሬ፣ በኔ አሳልፌ፣ ወደ ሱ መለስኩት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 6
በዓሉ ዛሬ ነበር። ባሮንግ ወጣ። መንጋጋውን እያንኳኳ በሰፈሩ ዞረ፤ ልጆች ሸሹ፣ እኔ ያኔ እንደሸሸሁት። ጉንጩ ላይ አውራ ጣት የምታክል የኔ እንጨት አለች። ቀለም ሸፍኗታል።
ባሮንጉን ከፊት ሆኖ የሚሸከመው ሰውዬ፣ ሩገግ፣ ከውስጥ ወጥቶ ላቡን እየጠረገ መጣ።
«አንተ፣ አዲስ ፊት ሲባል አልነበር? የድሮው እኮ ነው። ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ምን ስትሠራ ከረምክ?»
አፌን ከፈትኩ። የማወራው ሞልቷል...
«ትንሽ አቧራ ጠረግኩለት» አልኩት።
ሱከርቲ እጇን ግንባሬ ላይ አደረገች። «አሞሃል እንዴ?»