የእትዬ ወርቄ ተራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2010

ለሰው የማልናገረውን እዚህ ልጻፈው። ከነሐሴ ጀምሮ የቱሪስት ጭነት ተራ የሚጠብቁትን ባለበቅሎዎች ስም ስመዘግብ የከረምኩት የኮምፒውተሩ መለማመጃ ላይ ነው። ዋናው መዝገብ ላይ አንድም ሰው የለም። ወና ነው።

ዛሬ ነው ያወቅሁት። ለማኅበራችን ፕሮግራሙን የሠራልን ደርቤ ከጎንደር ደውሎ፣ ዋናውን መቼ ልትጀምሩት ነው አለኝ። ክው አልኩ። ሁለቱም ክላውድ በሚሉት፣ ኢንተርኔት ላይ ባለው ማስቀመጫ ናቸው፣ መልካቸውም አንድ ነው። መለማመጃው ከላይ ቀጭን ቢጫ መስመር አለው፣ በቃ። ሥልጠናው ላይ ተነግሮን ነበር አሉ። እኔ የዚያን ዕለት ከሠርግ ማግስት... ዓይኔን ገልጬ ነበር የተኛሁት።

ደርቤ አልሳቀብኝም። ማዛወር ይቻላል አለ። ለእኛ ብሎ የጨመራቸው ነገሮች ተጠቅልለው የተቀመጡበት እሽግ አለ፣ መጀመሪያ እሱ ወደ ዋናው ይሄዳል፤ የሰዎቹ መረጃ ቀጥሎ። ቅደም ተከተሉን አደራ፣ አለኝ ሁለት ጊዜ። ድምፁ ደስ ሲል! አግብቷል አሉ። እኔን ምን ቸገረኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

እሽጉ እምቢ አለ። ኔትወርኩ ግማሽ ያደርሰውና ይቆረጣል። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሊቀመንበሩ አቶ ገብረ ሚካኤል ደግሞ ከነገ ጀምሮ ተራ በኮምፒውተር ይጠራል ብለው ለደባርቅ ሁሉ አውጀዋል።

መረጃው ግን ቀላል ነው... እሱን ባስቀድመውስ? ላክሁት። በሁለት ደቂቃ ገባ። ስሞቹን ተደርድረው ሳያቸው እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እሽጉ ነገ ይደርሳል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

ተራው ያለ ጭቅጭቅ ተጠራ። አቶ ገብረ ሚካኤል ሻይ ጋበዙኝ። እሽጉ... ሰኞ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14

እጄ እንዴት ይጻፈው?

እትዬ ወርቄ ከማለዳው በቅሏቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ራሳቸው ናቸው የሚነዱ። ፓርኩ ውስጥ ካለችው ጊች ተነስተው ከተማው ጫፍ ከሰፈሩ ጀምሮ የሚያርሱት የላቸውም፤ ያለቻቸው ይቺው በቅሎ ናት። ተራ ደግሞ በዚህ ወቅት ለአንድ ሰው ሁለቴ ቢደርስ ነው። ከእኔ በኋላ የተመዘገቡት ተጠርተዋል፣ ዛሬ የኔ ነው ብለው ለብሰው፣ ተጫምተው፣ ስንቅ ቋጥረው መጥተዋል።

ስማቸው የለም። አቶ ገብረ ሚካኤል ከኋላዬ ቆመው ሁለቴ አስፈለጉኝ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌሉ አልተመዘገቡም ማለት ነው፣ በሌላ ሰው ተራ መግባት ነውር ነው አሏቸው። ሰው እየሰማ። ቢራራ የሚባለው ቀልደኛ ደግሞ፣ በቅሎዋን አስመዝግበው ራሳቸውን ረስተው ይሆናል አለ። ተሳቀ።

እትዬ ወርቄ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺ ልጅ፣ በሩፋኤል ዕለት ዝናብ መትቶኝ ገብቼ አልጻፍሽኝም?"

ጽፌያቸዋለሁ። እንዴት ይረሳኛል? የበቅሏቸው ጀርባ ተልጦ ስለነበር እስኪሽር ጠብቀው ነው የመጡት። ነጠላቸው ውኃ ያንጠባጥብ ነበር። ቆሎ አካፍለውኛል።

አንገቴን ደፋሁ። ትንፍሽ አላልኩም። መለማመጃና ዋና የሚለው ነገር ይወጣብኛል ብዬ... ፈራሁ። ጭነቱን ሌላ በቅሎ ይዞት ሄደ። እሳቸውም የበቅሏቸውን ልጓም ይዘው ተመለሱ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15

ሁለቱን ጎን ለጎን ከፍቼ አንድ በአንድ አስተያየሁ። ዋናው ላይ አሥራ አራት ሰው ጎድሏል። ሁሉም በጳጉሜን የተመዘገቡ ናቸው!

ደውዬ ስነግረው ደርቤ ወዲያው ገባው። ፕሮግራሙ ከፈረንጅ የመጣ ነው፤ ሲወለድ የሚያውቀው አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። አሥራ ሦስተኛዋን እሱ ጨምሮ እሽጉ ውስጥ ከቷታል። እኔ መረጃውን ሳስቀድም ዋናው ጳጉሜን የምትባል ወር ስለማያውቅ የእነዚያን ሰዎች ስም ዝም ብሎ ጣለው። ደግነቱ መለማመጃው ላይ አሉ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ በተሻለኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሰው ለምሳ ሲበተን፣ ኔትወርኩ ቀለል አለ። እሽጉ ደረሰ። ቀጥዬ መረጃውን እንደገና ላክሁ። ጳጉሜን 3፣ ወርቄ... ስማቸው አለ! አሥራ አራቱም ገቡ።

ማንም አላየኝም። እንዲህ ተስተካክሎ ዝም ብልስ? ማን ይጠይቀኛል?

አቶ ገብረ ሚካኤል ሲወጡ፣ ያቺ ሴትዮ ልታታልለን ነበር እኮ አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 18

ተናገርኩ። ገበያ ስለሆነ ባለበቅሎው ሁሉ ነበር። መለማመጃውንም፣ እሽጉንም፣ ማክሰኞ ዝም ማለቴንም። ጠረጴዛውን ይዤ።

አቶ ገብረ ሚካኤል ባርኔጣቸውን አወለቁ። "ጨዋዋን ሴት አታላይ እንድል አደረግሽኝ" አሉ።  ስለ እኔ የፊታችን ማክሰኞ ኮሚቴው ይቀመጣል። ከእንግዲህ ስሙ ለየባለቤቱ ሳይነበብለት ተራ አይጠራም ተባለ። ቢራራ ሳይጠየቅ ተነስቶ የሰኞ ተራዬን ለእትዬ ወርቄ ሰጥቻለሁ አለ። ፊቱ ቀልቶ ነበር።

እትዬ ወርቄ ግን አልነበሩም። አቶ ገብረ ሚካኤል ራሳቸው ቤታቸው ድረስ ይቅርታ ሊሉ ሄዱ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

መጡ። ስማቸውን ከነቀኑ አነበብኩላቸው። አዎ እኔ ነኝ አሉ። ጭነቱን ሲያጠብቁ አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። 

"ማሽኑ ነው አሉኝ" አሉ፣ ጠፍሩን እየሳቡ። "ይሁን። ያን ዕለት ዝም ያለችው ግን ማሽኗ አይደለችም።"

"አይደለችም፣ እትዬ። እኔ ነኝ።"

አዩኝ። ከዚያ የጠፍሩን ጫፍ አቀበሉኝና ያዢልኝ አሉ። ያዝኩላቸው። ቋጠሩት።

"ስመለስ እንነጋገራለን።"

ወደ ሳንቃበር መንገድ ታጥፈው እስኪጠፉ በሩ ላይ ቆምኩ። የነገው ኮሚቴ እንቅልፍ የሚነሳኝ መስሎኝ ነበር... ከዓርብ ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም። ዓርብ ይመለሳሉ። ውኃ ይዤ እወጣለሁ። የሚሉኝንም፣ ቢመርም፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ እዚህ አሰፍረዋለሁ።