የቀነስኩት አሥራ ዘጠኝ ኪሎ

ኑዋክሾት፣ ሰኔ 3 ቀን

ውድ ባለቤቴ ሐማዲ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ጤናህ እንዴት ነው? ሱቁስ? የአቢጃን ዝናብ አልበረታብህም? እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ይህን ደብዳቤ የያዘልህ የዘይነቡ ወንድም ነው፤ ዘይነቡን ታውቃታለህ፣ ገበያ ውስጥ ከእኔ አጠገብ ጨርቅ የምትሸጠውን። በስልክ እንዳልነግርህ ሱቅህ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማል፤ አንተም “እሺ፣ እሺ” ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

እህትህ ኡመልኸይር “ሚስትህ ከስታለች” ብላ እንደነገረችህ አውቃለሁ። “እስክመጣ ደህና አድርገሽ ብዪ፣ አምረሽ ጠብቂኝ” ያልከኝም ከዚያ በኋላ ነው። እውነቷን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ስትሄድ መቶ ሦስት ኪሎ ነበርኩ፣ ዛሬ ሰማንያ አራት ነኝ። የላክኸው ገንዘብ አንሶኝ ወይም አዝኜብህ አይደለም። ሆን ብዬ ነው የቀነስኩት።

ከስምንት ወር በፊት ሚስማር እግሬ ውስጥ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሳይሰማኝ ዋልኩ። ደሙን ያየችው ዘይነቡ ናት፤ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ዶክተር ኩምባ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁጡ ሴት ናት። ስኳሬን ለክታ “ሦስት መቶ አልፏል” አለችና “እናትሽ በምን ሞተች?” ብላ ጠየቀችኝ።

“በስኳር። መጀመሪያ ጣቶቿን ቆረጧት፣ ቀጥሎ እግሯን።”

“አንቺስ ተራሽን እየጠበቅሽ ነው?”

ኪኒን አዘዘችልኝ፤ ኩስኩሱን፣ ሩዙን፣ ዳቦውን፣ ቴምሩን ቀንሺ አለችኝ። በየሁለት ሳምንቱም እንድመለስ ነገረችኝ፣ ምግቡ ሲቀንስ ኪኒኑም መቀነስ አለበት ብላ። እኔ ግን ልቤ የያዘው የፊተኛውን ብቻ ነበር። ታውቀኝ የለ፣ አንዴ ከተነሳሁ መሃል ላይ መቆም አላውቅም። ቀንሺ የተባልኩትን እህል ከነአካቴው ተውኩት።

የመጀመሪያውን ሳምንት አያሳይህ። ራሴ ሊፈነዳ ደረሰ፣ ሆዴ አራት ቀን ደረቀ፣ የአፌን ጠረን ፈርቼ ደንበኞቼን በተከናነብኩት መልሕፋ ጫፍ አፌን ሸፍኜ አናግር ነበር። አራት ኪሎ ወረደልኝና እልል ስል ዶክተሯ “ውሃ ነው የወረደው፣ ስብሽ ገና አልተነካም” ብላ ደስታዬን አበላሸችብኝ። ከዚያ ሚዛኑ አልንቀሳቀስ አለ። “ሻይስ ትጠጫለሽ?” አለችኝ። ሳቄ መጣ። “ሻይ ደግሞ ምግብ ሆነ እንዴ?” አልኳት። በቀን አራት ጊዜ፣ ሦስት ሦስት ብርጭቆ! ስኳሩን ሳህን ላይ ስፈሪው አለችኝና ስሰፍረው እኔው ራሴ አፈርኩ። አሁን ያለ ስኳር ነው የምጠጣው። መድኃኒት መድኃኒት ይላል፣ ግን ይለመዳል።

የሚቀጥለውን ኡመልኸይር አልነገረችህም፣ ስለማታውቀው። በስድስተኛው ሳምንት ጨርቅ እያጠፍኩ ላብ አጠመቀኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ፣ ከዚያ ራሴን አላውቅም። ሴቶቹ “ጂን ነው!” ብለው ሲሸሹ ዘይነቡ እጄን ይዛ ነቃ እስክል ጠበቀችኝ፣ ከዚያ ጣፋጭ ሻይ አጠጣችኝ። ቀጠሮውን ዘልዬው ነበር። ኪኒኑንም እንደ ድሮው ሙሉውን እየዋጥኩ እህል አልቀምስም ነበር። ዶክተሯ ጮኸችብኝ። “መድኃኒቱ የሚያወርደው ስኳር ሲያጣ አንቺን ነው የሚያወርድሽ! ማን ነው አንቺን ሐኪም ያደረገሽ?” ኪኒኑን በግማሽ ቀነሰችልኝ። የበግ ሥጋና ቅቤ ጠዋት ማታ ስለምበላ የደሜ ስብ ጨምሮ ተገኘ፤ አሁን ዓሣና አትክልት አበዛለሁ፣ ዓርብ ዓርብ አንድ እፍኝ ኩስኩስ ተፈቅዶልኛል።

ሴትየዋ አትዋሽም፣ ስለዚህ ወደድኳት። “እህል መቀነስ ቶሎ ያከሳል፣ ስኳርንም ያወርዳል” አለችኝ። “ዓመት ሲያልፍ ግን በሌላ መንገድ ከቀነሱት ብዙም አይበልጥም። ዕድሜ ልክሽን ልትኖሪበት የምትችዪውን ያዢ።” ይኸው ይዣለሁ። ስኳሬ መቶ ሠላሳ ገብቷል። ባለፈው ሳምንት አሸዋው እግሬን አቃጠለኝ፣ ተሰማኝ ሐማዲ! መንገድ ላይ ቆሜ በደስታ አለቀስኩ።

ትናንት ኡመልኸይር ትልቅ ገበታ ወተትና ኩስኩስ ተሸክማ መጣች።

“ጠጪ! ወንድሜ ሲመጣ ምኑን ሊያቅፍ ነው? የድንኳን ምሰሶ?”

“ምሰሶውን ይቀፍ።”

“ሰው ምን ይላል? ሐማዲ ሚስቱን በረሃብ ገደላት ይላል እኮ! አታፍሪም?”

“አላፍርም። ገበታሽን ይዘሽ ቤትሽ ግቢ።”

እናቴ ወፍሬ ባል እንዳገኝ ብላ ጣቶቼን በሁለት እንጨት መሃል እያጣበቀች ወተት ስታስጠጣኝ ስምንት ዓመቴ ነበር። ያኔ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ትናንት ግን ቻልኩ፤ እህትህ ተቀይማኛለች፣ ቀስ ብላ ትመለሳለች።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ስታገባኝ “ግመሉ ሲሸከምሽ ያቃስታል” ብለህ ያወደስከኝን አልረሳሁም። ያንን ውዳሴ ላለማጣት ሃያ ዓመት ሙሉ ትንፋሽ እያጠረኝ ተቀምጫለሁ። ዛሬ ክንዴ ቀጥኗል፣ የጉንጬ ቆዳ ላልቷል፣ አላምርህ ይሆናል። እወድሃለሁ። ቢሆንም ባሌን ላለማጣት ብዬ እግሬን አልሰጥም። ከመጣህ በኋላም የምበላው ይህንኑ ነው።

ለቴምር መከር እንደምትደርስ ነግረኸኛል። ከዚህ በፊት ስትመጣ ፍራሽ ላይ ተጋድሜ ነበር የምቀበልህ፤ መነሳት እያቃተኝ እንጂ ንቄህ አልነበረም። አሁን ከድንበሩ ከሮሶ የሚመጣው መኪና የሚቆምበት ድረስ በእግሬ እመጣለሁ። ሰማያዊ መልሕፋ ለብሼ ቆሜ ታገኘኛለህ። ሳታውቀኝ ብታልፍ አልፈርድብህም፣ አንድ ጊዜ ስምህን እጠራለሁ። ሁለተኛ ግን አልጠራም።

አላህ መንገድህን ያቅናልህ፣ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ።

ሚስትህ ሳልካ