የእማማ አበባ ውሃ

በቺካጎ ለምትኖሪው ለታናሽ እህቴ ለዳሊያ ይድረስ፤

የኔ ዓለም፣ እንዴት ከረምሽልኝ? እግርሽ ማበጡን ተወልሽ? ቁርስ አልረጋልኝ አለ ያልሽውስ ተሻለሽ? በሆድሽ ያለው እንግዳ መንፈራገጥ ጀመረ ወይስ ገና ተኝቷል? ባለቤትሽ ኤሪክስ እንዴት ነው፣ ሥራው አደከመው? ብርዱ ገብቷል ብለሽኛልና ካልሲ ደርበሽ አድርጊ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል እንጂ ዓሣዬንም እጠብሳለሁ፣ ሰዉንም እቆጣለሁ። ባሕሩም እንደተውሽው ነው።

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። ከኤሪክ ጋር አሥር ቀን ልታርፊ እንደምትመጪ፣ አሸዋው ላይ በባዶ እግርሽ ሆነሽ ጀንበር ስትጠልቅ ማየት እንዳማረሽ፣ የሞቱት ቤታቸውን ሊጎበኙ በሚመጡበት በሙታን ቀንም፣ እማማ ከሞተችብን ወዲህ የመጀመሪያውን መሠዊያዋን አብረሽኝ እንደምታዘጋጂ ሳነብ እንደ ልጅ ዘለልኩ። ሁለተኛ ጊዜ ሳነበው ግን «አራተኛ ወሬን ያዝኩ» ያልሽው ላይ ዓይኔ ቀረ። ሁለቱ ከጨነገፉብሽ በኋላ ይህ ሦስተኛው እርግዝናሽ ነው። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለኝም።

ደግሞ ምን አልሽ? «ስለ ትንኝ አታስቢ እትዬ፣ የባሕር ልጅ ነኝ፣ ያውቁኛል» ትያለሽ። ማን ነው የሚያውቅሽ? ከሄድሽ አሥራ አንድ ዓመትሽ ነው። ያኔ የነከሱሽ ትንኞች የልጅ ልጆቻቸውም ሞተው አልቀዋል! የጎረቤታችን የዶኛ ቺታ ልጅም ባለፈው ዓመት ከሎስ አንጀለስ ሲመጣ እንዳንቺው ነበር ያለው። ቁምጣውን ለብሶ ጀንበር ስትጠልቅ አሸዋው ላይ ተዘረጋ፤ በማግስቱ እግሩ እንደ በቆሎ እሸት ፍሬ በፍሬ ሆኖ አገኘነው። እናቱ ሎሚ ስትቀባው «እኔን ነው የነከሱት ወይስ ፓስፖርቴን?» እያለ ያለቅስ ነበር።

ስለዚህ ለአንቺ ሁሉንም አስቤበት ነበር። ከረግረጉ ራቅ ያለችውን የኋላ ክፍል አጽድቼ፣ ለሰፊው አልጋ የሚሆን አጎበር በእጄ ሰፋሁ። ጫፉን ፍራሹ ሥር ትሸጉጪዋለሽ። የአሸዋዋ ትንኝ በዓይን አትታይም፣ ማለዳና ማታ ነው የምትወጣው፤ ጨረቃ ስትሞላ ደግሞ ይብስባታል። እናም ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ከባሕሩ ዳር ተነሺ፤ እጅጌው የረዘመ ነጭ ልብስ ልበሺ፣ ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ ክተቺ፣ ሰው ይስቅብኛል አትበዪ። የፀሐዩን ቅባት ቀድመሽ፣ የትንኙን ከላዩ። ሽቶ የሚባል ነገር አላይብሽም። ወንድማችን ታዴዮ እንደ አባታችን የኮኮናት ልጣጭና የምስጥ ኩይሳ በዳሱ ዙሪያ ያጨስልናል፤ ለአንቺ ከነፋሱ ወዲያ ማዶ ወንበር አዘጋጅተናል። ኤሪክ ጭሱ ዓይኔን ለበለበኝ ካለ ዓይኑን ይጨፍን።

እዚህ ድረስ ረቡዕ ዕለት ጽፌ፣ ወረቀቱን አጥፌ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። የሚቀጥለውን የምጽፍልሽ ዛሬ ከሳምንት በኋላ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ታዴዮ ዓይኑ ቀልቶ፣ ደረቱ በሽፍታ ተሞልቶ መጣ። መገጣጠሚያዬን ቆረጣጠመኝ አለ። ጤና ጣቢያ ሄዶ ደሙን ሰጠ። ቅዳሜ ደግሞ አብራሽ የተማረችው ኦፌሊያ፣ አሁን የጤና ጣቢያው ሠራተኛ ናት፣ ባትሪዋን ይዛ ቤቴ መጣች። የቆመ ውሃ የት አለ ትለኛለች። እኔም ኩራት በኩራት ሆኜ፣ «እንደ ልብሽ ፈትሺ!» አልኳት። ሮቶው ተከድኗል፣ በርሜሉ ተፈግፍጓል፣ አሮጌ ጎማ የሚባል ግቢዬ ውስጥ የለም። ዞራ ዞራ ምንም አላገኘችም። አመሰገነችኝ። ከዚያ ወደ ታዴዮ ዞር ብላ፣ «አንተ ቀን ቀን የት ነው የምትቀመጠው?» አለችው። እሱም ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኔ ጋር የእማማን መቃብር እንደሚያርምና ጥላው ሥር ተቀምጦ እንደሚያወራት ነገራት። «እንሂድ» አለች። እኔ ሳቅኩ። «ከሙታን ደጅ ምን ልታገኚ ነው?» አልኳት።

አራቱን የሸክላ አበባ ማስቀመጫዎች ታውቂያቸዋለሽ፣ እማማ ለአያታችን የገዛቻቸው። አበባው ሲጠወልግ አበባውን እቀይራለሁ፤ ውሃውን ግን አልደፋም፣ እጨምርበታለሁ እንጂ። እማማስ ምን ነበር የምትለን? «የሞተ ሰው ውሃ አይደፋም፣ ጨምሩበት።» ስድስት ወር ሙሉ እየጨመርኩበት ነበር፣ ዳሊያ። ኦፌሊያ አንዱን አንስታ ነጭ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ውስጡ ሽር ሽር ይላል፣ በጥቃቅን ትል የተሞላ። «ይሄ ሁሉ ቢንቢ ሊሆን ነው» አለችኝ። «ይቺ እንደ አሸዋዋ አይደለችም። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጥላ ሥር፣ ድምፅ ሳታሰማ ነው የምትነክሰው። ቆሻሻ ውሃ አትወድም፣ እንዲህ ያለ ንጹሕ ውሃ ነው የምትፈልገው።»

ሁለተኛውን ልታነሳ ስትል ጮህኩባት። «የእናቴን ውሃ እንዳትደፊ!» ብዬ ማስቀመጫውን እቅፌ ውስጥ አስገባሁት። አፍሬያለሁ፣ ግን እንዲያ ነው ያደረግኩት። ኦፌሊያ አልተቆጣችም። «እትዬ ሬሜ፣ እናትሽ ከእንግዲህ አትታመምም። የታመመው ታዴዮ ነው» አለችኝ። ያን ጊዜ ሰጠኋት።

የደሙ ውጤት ትናንት መጣ። ያው ቢንቢዋ የምታስተላልፈው፣ በየዜናው የምትሰሚው ዚካ ነው። ታዴዮማ ድኖ መረቡን እየጠገነ ነው፣ ለእሱ የአምስት ቀን ሽፍታ ሆኖ አለፈ። ላረገዘች ሴት ግን የጽንሱን ጭንቅላት እንዴት እንደሚያሳንስ ኦፌሊያ ስትነግረኝ እንደ ገበያ ሰው ተከራከርኳት። አጎበር ብትገባስ? አልኳት። ቅባቱን በየሰዓቱ ብትቀባስ? ካልሲውስ፣ ረጅሙ እጅጌስ? ሁሉንም ቆጠርኩላት። «ሁሉም ጥሩ ነው፣ እኛ እዚህ የምንኖረው እንዲያ እናድርግ» አለች፤ «እሷ ግን መምጣት የለባትም። አንዷ ብቻ ከነከሰቻት በቂ ነው።»

ስለዚህ አትምጪ፣ ዳሊያ። የኔ እናት፣ አትምጪብኝ። ይህችን ቃል ለመጻፍ ስንት ጊዜ ከወንበሬ እንደተነሳሁ እኔ ነኝ የማውቀው። «ነይ፣ ነይ» እያልኩ ደብዳቤ ስጽፍ አሥራ አንድ ዓመት የኖርኩ ሴት ነኝ። ኤሪክም ብቻዬን ልምጣ ካለ እምቢ በዪው፤ ኦፌሊያ ባልም ሕመሙን ከዚህ ይዞላት ሊገባ ይችላል ብላኛለች። ታኮርፊኛለሽ፣ «እትዬ ሁልጊዜ ፈሪ ናት» ትያለሽ። አዎ፣ ፈሪ ነኝ። ያንን ውሃ በየቅዳሜው በገዛ እጄ እየቀዳሁ የሞላሁት እኔ ነኝ፣ እንዴት አልፈራ?

የእማማን መሠዊያ እኔ አሳምረዋለሁ፣ አታስቢ። ማስቀመጫዎቹን እርጥብ አሸዋ ሞልቼባቸዋለሁ፣ አበባው ቀጥ ብሎ ቆሞበታል። ከመንገድ ስትመጣ ይጠማታልና ውሃዋን አልከለክላትም፤ ክዳን ባለው ማሰሮ አድርጌዋለሁ። ታዴዮ «እንዴት አድርጋ ልትጠጣው ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። ለስንት ልጅ ድስት ስትከፍት የኖረች ሴት አንድ ክዳን ማንሳት አያቅታትም አልኩት። የቀረሽው በምን ምክንያት እንደሆነም እነግራታለሁ። በመጨረሻዋ ቀን እጄን ይዛ አደራ ያለችኝ አንቺን ነው፣ አበባ ማስቀመጫ አልሰጠችኝም።

ኤሪክን ሰላም በዪልኝ፣ እንዳይከፋው። እናቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ታዴዮ «ለእኔ ብለሽ ቅሪ» ይልሻል፣ ሚስቱም ልጆቹም ናፍቀውሻል። ዶኛ ቺታ የጨው ዓሣ ልኬላታለሁ ብላለች፣ ሽታውን ከቻልሽው። ኦፌሊያም ሰላም ብላሻለች፣ እንዳትጠያት። በሆድሽ ላለውም ንገሪልኝ፦ አክስትህ ደጇን የዘጋችብህ ጠልታህ አይደለም በዪው። ለአንቺ አልጋ የሰፋሁትን አጎበር ዛሬ ጠዋት በመቀስ ቆርጬ አሳነስኩት። አሁን ልኩ የሕፃን አልጋ ነው።

የምትወድሽ እህትሽ ሬሜዲዮስ
ላ ፓልሚታ፣ ናያሪት፣ ሜክሲኮ
ኦክቶበር 12 ቀን 2016